ቲቸር፣ ዛሬ ከረሜላ የለም?

እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? ዓምድዎን የምታነበው እናቴ ናት። እኔ ስልኳ እጄ ሲገባ አለፍ አለፍ እያልኩ አያለሁ። የኔ ጉዳይ የትዳርም የውርስም ስላልሆነ ለእርስዎ መጻፉ ደብሮኝ ነበር። እሷ ግን «ጻፍላቸው፤ እሳቸውም ሒሳብ አስተማሪ ነበሩ» ብላ አስገደደችኝ።

የሒሳብ መምህር ነኝ። ሥራ ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። የምኖረው ደሴ እናቴ ጋ፣ የማስተምረው ኮምቦልቻ፣ ዘጠነኛ ክፍል ነው። በየቀኑ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ሚኒባስ ይዤ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን ጠመዝማዛ ቁልቁለት፣ ሐረጎን እወርዳለሁ፤ ከሰዓት ደግሞ እወጣለሁ። አንዱ ክፍሌ 63 ተማሪ አለው። አንድ ዴስክ ላይ ሦስት ሦስት ሆነው ይቀመጣሉ።

የሚያስቸግረኝ የክፍለ ጊዜው መጀመሪያ ነው። ስገባ ያወራሉ። ርዕሱን ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ዝም ይላሉ። ዝምታው ግን የሚሰማ ሰው ዝምታ አይደለም። መናኸሪያ ውስጥ መኪና የሚጠብቅ ሰው ፊት አለ አይደል? እንደዚያ ነው የሚያዩኝ።

ባለፈው ወር እስኪ አንድ ነገር ልሞክር አልኩ። ክፍሉን ለሁለት ከፈልኩ። ካለፈው ምዕራፍ አሥር ጥያቄ አዘጋጀሁ። ቀድሞ ለመለሰ ቡድን የሚሆን ከረሜላ ከኪሴ ገዛሁ። ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ቅጥ አምባሩ ጠፋ። ዴስክ ላይ የቆመ አለ፣ ከረሜላ የሚነጣጠቅ አለ። ምክትል ርዕሰ መምህሩ በሩን ከፍተው «ይሄ ክፍል ነው ወይስ ገበያ?» አሉኝ፣ ተማሪዎቼ ፊት። ሼም ያዘኝ። በማግስቱ ስገባ ከኋላ አንድ ልጅ «ቲቸር፣ ዛሬ ከረሜላ የለም?» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ሙድ ያዙብኝ።

ከዚያ ወዲህ ፊቴን ወደ ሰሌዳ አዙሬ «ገጽ ይሄን ያህል አውጡ» ብዬ ነው የምጀምረው። የዲፓርትመንት ኃላፊያችንም «ፖርሽኑን ጨርስ፣ ጨዋታ ለኬጂ ነው» ብሎኛል። በሚቀጥለው ሳምንት ትሪጎኖሜትሪ እጀምራለሁ፤ ከአሁኑ ሆዴን ባር ባር ይለዋል። እናቴ የሰፈሩ ዕቁብ ዳኛ ናት፤ «ዕጣህ ነውና ቻለው» ትለኛለች። አንድ ባንክ ደግሞ የሥራ ማስታወቂያ አውጥቷል። ልጆቹን የሚያነቃ አጀማመር ካለ ይንገሩኝ። ከሌለም እውነቱን ይንገሩኝ።

ቲቸሩ ነኝ፣ ከደሴ

ልጄ፣ አብሽር። መጀመሪያ እናትህን ሰላም በልልኝ። ስላስገደደችህ ደስ ብሎኛል፤ የትዳር ደብዳቤ በዝቶብኝ ነበር።

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛውን ያነበብኩት ለዚያ ልጅ ብዬ ነው። ሙድ ያዙብኝ ብለሃል። ሊሆን ይችላል። ግን እስኪ አስታውስ፤ ልጁ ሲናገር ፊቱ ምን ይመስል ነበር? የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ «የትናንቱ ክፍል ደስ ብሎኝ ነበር» ብሎ አይናገርም። ጓደኞቹ ፊት እንዴት ይበለው? ያለችው ቋንቋ ቀልድ ናት። እኔ እዚያ አልነበርኩም፣ ልሳሳት እችላለሁ። አንተ ግን ነበርክ። ስሙንስ ታውቀዋለህ?

የምክትሉ ነገር ሌላ ነው። መምህርን ተማሪው ፊት መናገር ደግ አይደለም፤ ቢያምህ አይፈረድብህም። እሳቸው ግን በር ላይ ቆመው ያዩት ጩኸቱን ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ስንት ቀን ፊታቸው የተዘጋ ልጆች ፊት እንደቆምክ አላዩም። ቂም አትያዝባቸው። በኋላ እመለስባቸዋለሁ።

አሁን ወደ ከረሜላው እንምጣ። ጨዋታ ማምጣትህ ጥፋት አይመስለኝም። ግን «ቀድሞ የመለሰ ያሸንፋል» ስትል ጨዋታው የአራት ወይ የአምስት ልጆች ሆነ። አንተም ታውቃቸዋለህ፤ ሁሌም እጅ የሚያወጡት ናቸው። የቀሩት ሃምሳ ስምንት ምን ይሥሩ? ደጋፊ ሆኑ። ደጋፊ ደግሞ ይጮኻል። ኳስ ሜዳ ሄደህ አታውቅም እንዴ?

ሌላም አለ። ጥያቄዎቹ ካለፈው ምዕራፍ ነበሩ። ስለዚህ ጨዋታው ሲያልቅ ትምህርቱ ጀመረ። ልጆቹ ከዚያ የሚይዙት ሒሳብ ማለት ከረሜላው ካለቀ በኋላ የሚመጣው ነገር መሆኑን ነው። በማግስቱ ከረሜላ ሲጠይቁህ በደንብ ነው የተማሩት ማለት ነው፣ ያስተማርካቸውን!

የራሴን ልንገርህ። ደሴ ሳስተምር አምስተኛ ወይ ስድስተኛ ዓመቴ ላይ ነው። ሰኔ መግቢያ ነበር። የደሴን ዝናብ ታውቀዋለህ፤ ክፍሉ ኮርኒስ የለውም፣ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ብጮህ የፊተኛው ዴስክ እንኳን አይሰማኝም። ገብቻለሁ፣ መውጣት አይቻልም። ተናደድኩና ሰሌዳው ላይ አንድ ካሬ ሣልኩ። ከሥሩ «ስፋቱ (ኤሪያው) የዚህ እጥፍ የሆነ ካሬ ሣሉ» ብዬ ጻፍኩ። ጠመኔውን የፊተኛው ዴስክ ላይ አስቀምጬ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ።

አንዱ ተነሣና ጎኑን እጥፍ አድርጎ ሣለ። ቀጥላ የወጣች ልጅ የሱን ካሬ በሁለት መስመር ከፋፈለችውና አራት ጣቷን አሳየችው። አራት እጥፍ ሆኗል ማለቷ ነው። ሳቁ። ሌላው ጎኑን በግማሽ ጨመረ፤ ትንንሽ ካሬዎች እየሠራ ቆጠረና ራሱ መልሶ አጠፋው። ዝናቡ ስለሚጮህ ማንም ከተቀመጠበት መልስ መወርወር አልቻለም። መነሣትና መሣል የግድ ነው። ሰባተኛው ይሁን ስምንተኛው፣ ከኋላ ጥግ የሚቀመጥ፣ ድምፁን ሰምቼው የማላውቅ ልጅ ወጣ። ጠመኔውን ይዞ ቆመ። ቆመ። ከዚያ በትንሹ ካሬ ላይ ከጥግ ወደ ጥግ አንድ መስመር አሰመረ። ያቺን መስመር ጎን አድርጎ አዲስ ካሬ ሠራባት። ዞሮ አየኝ።

በኋላ አባትህ ምን ይሠራሉ ብዬ ጠየቅሁት። ሴራሚክ አንጣፊ ናቸው።

ዝናቡ ሲያባራ ሃያ ደቂቃ ቀርቶኝ ነበር። «የትንሹ ካሬ ጎን 1 ቢሆን የዚያች መስመር ርዝመት ስንት ነው?» አልኳቸው። ስኩዌር ሩት 2ን እንደዚያ ቀን ቀሎኝ አስተምሬ አላውቅም። ጥያቄው የነሱ ሆኖ ነበራ።

ዛሬ ቢሆን የፎቶኮፒ ወረቀትም ይዤ እገባ ነበር። ኤ4 ወረቀት 210 በ297 ሚሊ ሜትር ነው። አንዱን ጥግ ወደ ረጅሙ ጎን አምጥተህ እጠፈውና ካሬ ሥራ። እጥፋቱ የካሬው ሰያፍ ነው። አሁን ያንን እጥፋት ከሌላ ወረቀት ረጅም ጎን ጋር አስተያየው። ልክክ ይላል። ለምን? ብለህ ዝም በል። 297ን ለ210 ያካፈለ ልጅ 1.414 ያገኛል፤ ያችው ስኩዌር ሩት 2 ናት። የፈተና ትርፍ ወረቀት ሞልቷችኋል፤ ወጪ የለውም።

ዝናቡ ያስተማረኝን በቃላት ለማስቀመጥ ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል። ጥያቄው ማንም ሊጀምረው የሚችለው ነበር፤ ካሬ መሣል የሚያቅተው የለም። ተሳስቶ መሞከር ያስችላል። መልሱ ደግሞ ራሱ የዕለቱ ትምህርት ነው። እነዚህ ካሉ ከረሜላም ጭብጨባም አያስፈልግም። ከሌሉ ግን የፈለግከውን ያህል ብትደክም ሰርግ ላይ እንደሚያዝናና ሰው ነው የምትሆነው። ሰርጉ ደግሞ ሲያልቅ ሰው ይበተናል።

አሁን ወደ ትሪጎኖሜትሪህ። መክፈቻህን ደብዳቤህ ውስጥ ጽፈህልኛል፤ አላየኸውም እንጂ። «ሐረጎን እወርዳለሁ፤ እወጣለሁ» አልክ። በቀን ሁለቴ! ሚኒባሱ ሲጠማዘዝ ጆሮህ ይደፈን የለ? ጋቢ ለብሶ ደሴ የተሳፈረ ሰው ኮምቦልቻ ሲደርስ ላብ ያጠምቀዋል። ልጆችህም ያንን መንገድ ያውቁታል፤ ዘመድ ጥየቃም ሆነ ሕክምና ወጥተውበታል።

እንዲህ አድርግ። ግባና ርዕስ አትጻፍ። «ሐረጎን የምታውቁ?» በል። ከዚያ «አንድ ክንዳችሁን ዘርጉና የመንገዱን ቁልቁለት አሳዩኝ። ምን ያህል ያዘቀዝቃል?» በላቸው። ሁሉም ክንዱን ያነሣል። እዚህ ላይ ቀድሞ የሚመልስ የለም፣ የሚጮህ የለም፣ እንግሊዝኛ የሚጠይቅ የለም። አንዳንዱ 45 ዲግሪ ያዘነብላል፣ አንዳንዱ ገደል ያደርገዋል። ምክትሉ በመስኮት ቢያልፉ ስልሳ ሦስት ክንድ ተዘርግቶ ያያሉ፤ ዱአ ላይ ናችሁ ብለው ያልፋሉ።

«እንዳታወርዱ» በልና ሦስት አራቱን ገምት። «አንተ 40 ዲግሪ፣ አንቺ 30» እያልክ ግምቶቹን ሰሌዳ ላይ አስጻፍ። ከዚያ ሦስት ነገር ንገራቸው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ነች። ኮምቦልቻ ወደ 1,850። በመኪና መንገዱ በመካከላቸው 25 ኪሎ ሜትር ያህል አለ። ሌላ አትጨምር። የወረድነው 650 ሜትር፣ የሄድነው 25,000 ሜትር። ስታካፍለው 0.026። በየመቶ ሜትሩ 2 ሜትር ከ60 ሴንቲ መውረድ ማለት ነው። በዲግሪ አንድ ተኩል!

የአንድ ዲግሪ ተኩል ቁልቁለት በክንድህ ስታሳያቸው ጠረጴዛ ነው የሚመስለው። ያኔ ነው ክፍሉ የሚነቃው። «እንዴ ቲቸር! ሐረጎ? አይሆንም!» ይሉሃል። አንተ «ታዲያ የዋሸው ቁጥሩ ነው ወይስ ክንዳችሁ?» ብለህ ተዋቸው። ለጎረቤቱ ይንገር፤ አንድ ዴስክ ላይ ሦስት ሆነው መቀመጣቸው እዚህ ጋ ጠቀመህ፣ ወንበር ማንቀሳቀስ የለም። ሁለት ደቂቃ ስጣቸው።

የሚመጣውን ልንገርህ። አንዱ «አማካይ ስለሆነ ነው፤ ለጥ ያለውም ተቆጥሯል» ይላል። ልክ ነው። ሌላዋ «መንገዱ ስለሚጠማዘዝ ነው» ትላለች፤ እሷን አጥብቀህ ያዛት። ለምን ተጠማዘዘ? ያው 650 ሜትር በ2.5 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢወረድ ኖሮ 15 ዲግሪ ገደማ ይሆን ነበር። የተጫነ ሲኖትራክ ያንን ይወጣዋል? መንገዱን የቀየሱት ሰዎች ጥምዝምዙን ያመጡት ለዚህ ነው፤ አግድሙን አርዝመው አንግሉን ለማሳነስ። ሰውም ደግሞ ቁልቁለትን አጋኖ ነው የሚያየው። ስለዚህ ክንዳቸውም ቁጥሩም የየራሱ እውነት አለው። ይሄን ሁሉ ካወራችሁ በኋላ «ቁመቱን ለአግድሙ ስናካፍል ያገኘናት ቁጥር ስም አላት» ብለህ ታንጀንት ብለህ ጻፍ። ቃሉ ከሐሳቡ በኋላ ይምጣ።

ቀልጣፋ ልጅ ካለህ «25ቱ ኪሎ ሜትር የተለካው በመንገዱ ላይ ነው እንጂ አግድም አይደለም» ይልህ ይሆናል። እንዳትደነግጥ። እውነቱን ነው፤ እንደዚያ ከሆነ ያገኘነው ሳይን ነው፤ ቁመቱ ለሰያፉ ርዝመት ሲካፈል ማለት ነው። አንግሉ እንዲህ ትንሽ ሲሆን የሳይንና የታንጀንት ልዩነት ከቁጥር የሚገባ አይደለም። «የነገውን ትምህርት ቀደምከኝ» በለውና ስሙን ሰሌዳው ጥግ ላይ ጻፍለት።

ቋንቋውን ነገር አደራ። መጽሐፋችሁ በእንግሊዝኛ ነው። ልጆቹ ደግሞ ኮሮና በ2012 ትምህርት ቤት የዘጋባቸው፣ በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ደግሞ የተቋረጠባቸው ናቸው። ያኔ ትንንሽ ነበሩ። ክፍልፋይ የሚከብደው፣ ማካፈል የሚያደናግረው ከመካከላቸው ቢኖር አይግረምህ። ያ የመናኸሪያ ፊት ያልከኝ፣ ግማሹ «ከጀመረ አልገባኝም፣ ዝም ልበል» የሚል ፊት ይመስለኛል። የመጀመሪያዋን ጥያቄ በአማርኛ፣ ያውም በቤት አማርኛ ጠይቅ። ማንም ከበር ውጭ አይቅር።

አንድ ነገር ግን ለመክፈቻ አትጠቀም። በ2015 የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 ከመቶ ብቻ ነበሩ። አንዳንድ መምህራን ይቺን ቁጥር ይዘው ገብተው «ካላጠናችሁ...» ብለው ይጀምራሉ። ከሺው 32 መሆኑን ልጆቹ ያውቁታል። ቤት ሲሰሙት ነው የሚውሉት። ፍርሃት ዝም ያሰኛል፤ አንተ ጋ ዝምታው ተትረፍርፏል።

ለሌሎቹ ምዕራፎች በአጭሩ። ሴት (set፣ ስብስብ) የምትሉትን ምዕራፍ ስታስጀምር «ኳስ የምትወዱ» በል፣ እጅ ቁጠር። «ድራማ የምትወዱ» በል፣ ቁጠር። ሁለቱ ሲደመሩ ከ63 ይበልጣሉ፤ «ትርፎቹ ልጆች ከየት መጡ?» በቃ፣ ጀመርክ። ኳድራቲክ ላይ ደግሞ በዒድ ቀን አንድ ቤት የተሰበሰበውን ዘመድ አስብ። ሁሉም ከሁሉም ጋር አንድ አንድ ጊዜ ተጨባበጠ፤ መጨባበጡ 190 ሆነ። ስንት ሰው ነበር? መልሱ 20 ነው። እኩልታው ግን «ወይም ከዜሮ በታች 19» ይልሃል። ስለዚያች የ«19 ሰው የጎደለበት ቤት» ልጆቹ የሚሉትን እኔ ብሰማው ደስ ይለኝ ነበር። ቁጥር ሥርዓት ላይ ፳፬ን በ፲፭ በግዕዝ ቁጥር ብቻ አባዙ በላቸው፤ ግዕዝ ዜሮ የለውም፣ ሲቸግራቸው ዜሮ ምን እንደምትሠራ ያኔ ይገባቸዋል።

ፕሮባብሊቲውንስ? እናትህን ይዘህ ግባ! ማለቴ ዕቁቧን። 24 ሰው ያለበት ዕቁብ ነው እንበል፤ የወጣለት ከዕጣው ይወጣል። «በመጀመሪያው ዙር የሚወጣልህ ዕድል ይበልጣል ወይስ በሦስተኛው?» ክፍሉ ለሁለት ይከፈላል፣ ያለ ከረሜላ። ከዚያ አብራችሁ አስሉ። ሦስተኛ ዙር ላይ እንዲወጣልህ መጀመሪያ ሁለቴ ማለፍ አለብህ፤ 23 ለ24፣ ሲባዛ በ22 ለ23፣ ሲባዛ በ1 ለ22። ሲጠፋፋ 1 ለ24 ይቀራል። እኩል ነው። እናትህ ይሄን ሳትማር ታውቀዋለች፤ ዳኛ ናት።

ፖርሽኑን አልረሳሁም። የዲፓርትመንት ኃላፊህ ጠላትህ አይደለም፤ እሱንም ከላይ የሚጠይቀው አለ። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። በየቀኑ የምትሞላው የትምህርት ዕቅድ ላይ «መግቢያ» የምትል ሳጥን አለች አይደል? አምስት ደቂቃ ተጽፎባታል። ብዙዎቻችን «ያለፈውን መከለስ» ብለን እንሞላትና እንረሳታለን። የምትጠቀመው ያቺን ነው። ፈቃድ የምትጠይቅበት ነገር የለም፣ ከፖርሽኑም የምትሰርቀው ደቂቃ የለም። ሳጥኗ ውስጥ «የሐረጎ ቁልቁለት፣ ግምትና ስሌት» ብለህ ጻፍ። የመጀመሪያው ቀን ስምንት ደቂቃ ሊወስድብህ ይችላል። ይውሰድ። ለታንጀንት ትርጉም ከምትለፋው ላይ ታገኘዋለህ።

በየቀኑ ግን አትሞክር። ትደክማለህ፣ እነሱም ይለምዱታል። በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃል፣ ያውም በአንድ ክፍል ብቻ ጀምር። የሚቀልህን ክፍል ምረጥ። ሁለት ሳምንት ሞክርና የሠራውን ያልሠራውን አንድ ደብተር ላይ አስፍር። የማይሠራ ቀን ይኖራል። እኔ አንዴ የጥላ ነገር ልጀምር ብዬ ልጆቹን ወደ ባንዲራው ምሰሶ አወጣኋቸው፤ የአንድ ሜትር ዱላ ጥላና የምሰሶው ጥላ ልንለካ። ጭጋግ ወረደ። ደሴ ነው፣ ምን ታደርገዋለህ? ጥላ የሚባል ነገር ጠፋ። ተሳስቀን ገባን። አንተ ኮምቦልቻ ስለሆንክ ፀሐይ አታጣም።

ደግሞ ስትጠይቅ ጠብቅ። ሜሪ ባድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አስተማሪዎች ጠይቀው ምን ያህል እንደሚጠብቁ ለክታ ነበር። አንድ ሰከንድ ያህል ነው! ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲጠብቁ መልሱ ረዘመ፣ ሌሎችም ልጆች መናገር ጀመሩ። ሦስት ሰከንድ ሰሌዳ ፊት ስትቆም ዓመት ይመስላል፣ አውቀዋለሁ። በሆድህ ቁጠር። ያን ዝምታ ከመናኸሪያው ዝምታ ጋር እንዳታምታታው፤ ዓይናቸውን እይ፣ የሚያሰላ ልጅ ወደ ላይ ወይ ወደ ጎን ነው የሚያየው።

ምክትሉን ራስህ ጥራቸው። የመጀመሪያው ቀን አይደለም፤ ሦስተኛው ወይ አራተኛው ላይ፣ እጅህ ሲገባ። «አምስት ደቂቃ ገብተው ቢያዩልኝ» በላቸው። ሰው ሳይጠራ በር ሲከፍትና ተጠርቶ ሲገባ አስተያየቱ አንድ አይደለም። ባይመጡም የጠራህ አንተ ነህ።

የባንኩን ነገር ሳልመልስ ላልፍ ነበር። አልቆጣህም። የመምህር ደመወዝ ወር እንደማያደርስ እኔም ቀምሼዋለሁ፤ ማመልከት ነውር የለውም፣ ማመልከቻ ማስገባትም መሄድ አይደለም። ግን ራስህን ጠይቅ። ያን ቀን ባይስቁብህ ኖሮ ማስታወቂያውን ቆመህ ታነበው ነበር? ለደመወዙ ከሆነ ሒሳቡን ከእናትህ ጋር ተቀመጥና ሥራ፣ የቤቱን ወጪ የምታውቀው እሷ ናት። ከሳቁ ለመሸሽ ከሆነ ግን ሁለት ሳምንት ቆይ። ማስታወቂያው የሚዘጋበትን ቀን እይና በዚያ መካከል ሐረጎን ሞክረው።

ግምቶቹን ሰሌዳ ላይ የሚጽፍ ልጅ ያስፈልግሃል ብያለሁ። ጠመኔውን ለከረሜላው ልጅ ስጠው። በስሙ ጥራው፤ ካላወቅከው ሰኞ ጠዋት መዝገብ ላይ ፈልገው። ምን እንዳለና የራሱን ክንድ ስንት ዲግሪ እንዳዘነበለ ጻፍልኝ። እናትህንም የዕቁቡን አባላት ብዛት ጠይቅልኝ። 24 ያልኩት ከኔው ዕቁብ ወስጄ ነው፤ እሱም እስካሁን አልወጣልኝም።